ሦስት ዓይነት «ሰባት»፦ በጅማ አንድ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የተነሳ የጎልፍ ክርክር (የጉዳይ ጥናት)

የጉዳዩ መነሻ

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጅማ ከተማ ውስጥ አንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት አራት ቡድኖች ሲሆኑ እያንዳንዱ ሦስት አባላት ነበሩት። አብዛኞቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ለክረምት እረፍት ወደ ቤተሰብ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነበሩባቸው። ጠያቂው ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ቡድኖቹ 30 ሰከንድ ይመካከራሉ፣ ደወል ሲደወል አራቱም መልሳቸውን የጻፉበትን ወረቀት በአንድ ጊዜ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ዋና ዳኛው ከመልስ ወረቀቱ ጋር አስተያይቶ ነጥብ ይሰጣል።

በስፖርት ዙር ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ «ሁሉንም ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች ያሸነፉ ተጫዋቾች ስንት ናቸው?» የሚል ነበር። የያዘው ነጥብ 10 ነው። በዚያ ሰዓት ከሚመሩት ሁለት ቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለመገልበጥ 10 ነጥብ ይበቃ ነበር፤ ክርክሩ የጋለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ

ደወሉ ሲደወል የታዩት መልሶች 6፣ 7፣ 7 እና 13 ነበሩ። የመልስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 5 ነው። ዋና ዳኛው «አራታችሁም አላገኛችሁትም» ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፉ ሲሉ 6 ያለው ቡድን ተወካይ እጁን አወጣ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ ወረቀት አሮጌ ነው። ማክልሮይ ዘንድሮ በሚያዝያ ማስተርስን በልቷል።» (ሮሪ ማክልሮይ የጎልፍ ተጫዋች፣ ማስተርስ ደግሞ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱ ነው።) ከአዳራሹ በኩል ደግሞ «ሁለት ቡድን ሰባት ካለ ሰባት ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ውድድሩ ቆመ።

ጉዳዩን መዝግቦ ማስቀመጥ ያስፈለገው ከአምስቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክንያት ስለነበራቸው ነው። በግምት የተጻፈ አንድም አልነበረም።

ያልሠሩት ሙከራዎች

መጀመሪያ የተደረገው ስልክ አውጥቶ መፈለግ ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለነበር ዋና ዳኛው መጀመሪያ የተከፈተላቸውን ገጽ ብቻ አነበቡ። ገጹ «7» ይላል። ሁለቱ ቡድኖች ጭብጨባ ጀመሩ። ስሞቹ ይነበቡ ሲባል ግን ሉዊዝ ሳግስ፣ ሚኪ ራይት፣ ፓት ብራድሊ፣ ጁሊ ኢንክስተር፣ ካሪ ዌብ፣ አኒካ ሶረንስታም እና ኢንቢ ፓርክ ሆኑ፤ የሴቶቹ ዝርዝር ነው። 7 ብለው ከጻፉት ሁለት ቡድኖች አንዱም ከእነዚህ ውስጥ የአንዷንም ስም አላሰበም። ቁጥሩ ገጠመ፣ መልሱ ግን አልገጠመም።

ሁለተኛው ሙከራ የመልስ ወረቀቱን ምንጭ ማየት ነበር። ጥያቄ አዘጋጁ ከመልሱ አጠገብ «2017» ብሎ ጽፏል። ዋና ዳኛው ይህን እንደ ዘንድሮ ወስደው መረጃው ትኩስ ነው አሉ። በኋላ ሲጣራ አዘጋጁ የገለበጠው ከእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ነው፤ 2017ቱም የፈረንጅ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የወንዶቹ ዝርዝር በእርግጥም 5 ነበር። የፈረንጁ 2017 እና የእኛ 2017 በቁጥር አንድ ቢሆኑም በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ ስድስተኛው ስም የገባው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት በስፖርት ጥያቄዎች ላይ በየጊዜው ይከሰታል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ካልተጻፈ ደግሞ ማንም አይነቃበትም።

ሦስተኛው ተመልካቹን በእጅ ማስቆጠር ነበር። ያመጣው ጩኸት ብቻ ነው።

የሠራው፦ ቁጥሩን ትቶ ስም ማስጻፍ

ነገሩን የፈታው ረዳት ዳኛው ነው። የስፖርት መምህር ናቸው። አራቱንም ቡድኖች «ቁጥሩን ተዉት፣ የቆጠራችኋቸውን ሰዎች ስም ጻፉ» አሏቸው። ከዚያ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አሰመሩ፦ ማስተርስ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ዩኤስ ኦፕን፣ ዘ ኦፕን። የወንዶቹ ሜጀር የሚባሉት እነዚህ አራቱ ናቸው። በዕድሜ ቀዳሚው ከ1860 ጀምሮ የሚካሄደው ዘ ኦፕን ነው፤ ዩኤስ ኦፕን በ1895፣ ፒጂኤ በ1916፣ ማስተርስ በ1934 ተጀመሩ። (ከዚህ በታች የውድድር ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደንቡ አንድ ነበር፦ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት አራቱም ሳጥኖች ዓመት ካልተጻፈባቸው ስሙ ይሰረዛል። በየሳጥኑ የሚጻፈው ተጫዋቹ ያንን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈበት ዓመት ብቻ ነው። ከአራቱ ዓመቶች የመጨረሻው ስብስቡ የተሟላበት ዓመት ይሆናል። በመጨረሻ ሳይሰረዙ የቀሩት የሚከተሉት ናቸው።

ጂን ሳራዘን፣ አሜሪካ፦ ዩኤስ ኦፕን 1922፣ ፒጂኤ 1922፣ ዘ ኦፕን 1932፣ ማስተርስ 1935።
ቤን ሆጋን፣ አሜሪካ፦ ፒጂኤ 1946፣ ዩኤስ ኦፕን 1948፣ ማስተርስ 1951፣ ዘ ኦፕን 1953።
ጋሪ ፕሌየር፣ ደቡብ አፍሪካ፦ ዘ ኦፕን 1959፣ ማስተርስ 1961፣ ፒጂኤ 1962፣ ዩኤስ ኦፕን 1965።
ጃክ ኒክላውስ፣ አሜሪካ፦ ዩኤስ ኦፕን 1962፣ ማስተርስ 1963፣ ፒጂኤ 1963፣ ዘ ኦፕን 1966።
ታይገር ዉድስ፣ አሜሪካ፦ ማስተርስ 1997፣ ፒጂኤ 1999፣ ዩኤስ ኦፕን 2000፣ ዘ ኦፕን 2000።
ሮሪ ማክልሮይ፣ ሰሜን አየርላንድ፦ ዩኤስ ኦፕን 2011፣ ፒጂኤ 2012፣ ዘ ኦፕን 2014፣ ማስተርስ 2025።

ከስድስቱ አንዱ የአህጉራችን ሰው መሆኑ በአዳራሹ ውስጥ ብዙዎችን አስገርሟል። ጋሪ ፕሌየር አራቱን ሲያሟላ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ የመጀመሪያው ተጫዋች ነበር።

ሰንጠረዡ ሌላም ነገር አሳየ። አራቱን በማስተርስ የደመደሙት ሳራዘንና ማክልሮይ ብቻ ናቸው፤ ሆጋን፣ ኒክላውስና ዉድስ በዘ ኦፕን፣ ፕሌየር በዩኤስ ኦፕን ጨረሱ። በፒጂኤ የደመደመ የለም። ጥያቄ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ከ«ስንት ናቸው» በእጅጉ የተሻለ ጥያቄ ይወጣዋል።

እያንዳንዱ ቁጥር ከየት መጣ

6 ያለው ቡድን የጻፈው ዝርዝር ከሰሌዳው ጋር ሙሉ በሙሉ ገጠመ። አንድ ትንሽ ክርክር የተነሳው በቀኑ ላይ ነው፦ አንዱ አባል ሚያዝያ 5፣ ሌላው ሚያዝያ 6 ይላል። ሁለቱም የሚሉት ምክንያት ነበራቸው። ማክልሮይ ጀስቲን ሮዝን በመለያ ጨዋታ፣ በመጀመሪያው ተጨማሪ ጉድጓድ ያሸነፈው ኦገስታ ላይ ኤፕሪል 13፣ እሁድ ምሽት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የሆሳዕና ዕለት። ጅማ ላይ ግን ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ስለነበር በፈረንጆቹ የቀን አቆጣጠር ሰኞ ገብቷል። የሚመዘገበው ውድድሩ የተካሄደበት ቦታ ቀን ነው።

7 ካሉት አንዱ ቡድን ስድስቱን ጽፎ ስኮቲ ሼፍለርን ጨምሯል። ስህተቱ በጣም የሚያስተምረው ይሄኛው ነው። ሼፍለር በዚያ ሰዓት አራት ሜጀር ነበረው፦ ማስተርስ በ2022 እና በ2024፣ ፒጂኤ በ2025፣ ዘ ኦፕን በሐምሌ 2025። ቡድኑ አራት ዋንጫ ቆጥሮ «አራቱንም አሸነፈ» አለ። በሰንጠረዡ ላይ ግን ሁለቱ ማስተርስ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ የዩኤስ ኦፕን ሳጥን ባዶ ይቀራል። የዋንጫ ብዛት መለኪያ አይደለም። ዋልተር ሄገን 11 ሜጀር አለው፤ ማስተርስ ስለሌለው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቶም ዋትሰን 8 እያለው፣ አርኖልድ ፓልመር 7 እያለው ሁለቱም ፒጂኤ ስላጡ አይገቡም። ሳም ስኒድ 7፣ ፊል ሚክልሰን 6 አላቸው፤ ሁለቱንም ያስቀራቸው ዩኤስ ኦፕን ነው። ሚክልሰን በእሱ ውድድር ስድስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። ማክልሮይ ግን በ2025 ማስተርስን ሲጨምር በአምስት ሜጀር ገባ።

ሌላው 7 ያለው ቡድን ሰባተኛ አድርጎ የጻፈው ቦቢ ጆንስን ነው። ይህ ከመዘንጋት የመጣ ስህተት አይደለም፣ የታሪክ ዕውቀት ያለበት ነው። ጆንስ በ1930 በአንድ ዓመት ውስጥ የብሪታንያን አማተር ሻምፒዮና፣ ዘ ኦፕንን፣ ዩኤስ ኦፕንንና የአሜሪካን አማተር ሻምፒዮና ጠራርጎ ወስዷል። በዘመኑ አራቱ ታላላቅ የሚባሉት እነሱ ነበሩ፤ ግራንድ ስላም የሚለው ስም ጎልፍ ውስጥ የገባውም በዚሁ ገድል ነው። ጆንስ ግን ክፍያ የማይቀበል አማተር ሆኖ ስለኖረ ለፕሮፌሽናሎች ብቻ በተዘጋጀው ፒጂኤ ላይ መጫወት አይችልም ነበር። ማስተርስም ገና አልተፈጠረም፤ በኋላ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ራሱ ጆንስ ነው። ስለዚህ በዛሬዎቹ አራት ዓምዶች ሁለቱ ሳጥኖች ባዶ ይሆኑበታል። ክብሩ የራሱ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ሌላ ዝርዝር ነው።

ይህ ሲብራራ ከተመልካቾች አንዱ ጠንካራ ጥያቄ አነሳ፦ ለጆንስ የዘመኑ ውድድር ካልተቆጠረለት ለሳራዘን ለምን ይቆጠርለታል? በ1935 ሳራዘን ያሸነፈው ውድድር እንኳ ገና ማስተርስ አይባልም ነበር። እውነት ነው፤ ስሙ በይፋ የተቀየረው በ1939 ነው። ሳራዘን በመጨረሻው ዙር በ15ኛው ጉድጓድ ላይ ከ235 ያርድ፣ 215 ሜትር ገደማ፣ በአንድ ምት ኳሷን ከትቶ ከክሬግ ዉድ ጋር እኩል የሆነበትና በማግስቱ በመለያ ያሸነፈበት ውድድር ሁለተኛው ዓመት ላይ ያለ አዲስ ነገር ነበር። አራት ሜጀር ማሟላት ትልቅ ጉዳይ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ያኔ አልነበረም። አራቱን የፕሮፌሽናል ውድድሮች እንደ አንድ ስብስብ የማየቱ ሐሳብ የጠነከረው በ1960 ገደማ በአርኖልድ ፓልመር ዘመን ነው። ሳራዘንና ሆጋን ወደ ኋላ ተመልሶ ተቆጠረላቸው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሳራዘን ውድድር ያለማቋረጥ ቀጥሎ የዛሬው ማስተርስ ሆኗል። ጆንስ ያሸነፋቸው ሁለቱ አማተር ሻምፒዮናዎችም ዛሬ ድረስ ይካሄዳሉ፣ ሜጀር ተብለው ግን አይቆጠሩም። ፒጂኤም ቢሆን እስከ 1957 ድረስ ሁለት ሁለት ተጫዋች እየተጋጠመ ተሸናፊው የሚሰናበትበት ነበር፤ በምት ድምር የሆነው ከ1958 ወዲህ ነው። የሆጋን ሁለቱም የፒጂኤ ድሎች በድሮው ሥርዓት የተገኙ ናቸው። የውድድሩ ሥርዓት መቀየሩ ድሉን አይሰርዘውም።

ሴቶቹና 13

አራተኛው ቡድን ስድስቱን ወንዶችና ሰባቱን ሴቶች ደምሮ 13 አለ። መከራከሪያው አጭር ነበር፦ ጥያቄው ወንድ ብቻ አላለም። ይህን ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም።

የሴቶቹ ዝርዝር ግን የራሱ ውስብስብነት አለው። የሴቶች ሜጀሮች በየዘመኑ ተቀያይረዋል። ሉዊዝ ሳግስ በ1957፣ ሚኪ ራይት በ1962 ሲያሟሉ ከአራቱ ሁለቱ ታይትልሆልደርስ እና ዌስተርን ኦፕን ነበሩ፤ ሁለቱም ዛሬ የሉም። ፓት ብራድሊ በ1986፣ ጁሊ ኢንክስተር በ1999 ሲደርሱ ዱ ሞሪየር የሚባለው የካናዳ ውድድር ሜጀር ነበር፤ ከ2001 ጀምሮ በብሪታንያ የሴቶች ኦፕን ተተካ። ካሪ ዌብ በሁለቱም ላይ አሸንፋለች፤ ስለዚህ አምስት የተለያዩ ሜጀሮች ያላት እሷ ናት። ሶረንስታም በ2003፣ ኢንቢ ፓርክ በ2015 አሟሉ። ኤቪያን በ2013 አምስተኛ ሜጀር ሆኖ ተጨመረ። ፓርክ ኤቪያንን ያሸነፈችው በ2012፣ ሜጀር ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀድማ ነው።

እንግዲህ የዛሬዎቹን አምስት የሴቶች ሜጀሮች፣ ሁሉንም በሜጀርነታቸው ዘመን ያሸነፈች ሴት እስካሁን የለችም። የሴቶቹ የሙያ ማኅበር ኤልፒጂኤ ሰባቱን የሚቆጥረው አራት የተለያዩ ሜጀሮችን ማሸነፍ በሚል መለኪያ ነው። «ሁሉንም» የሚለው ቃል በጥብቅ ከተያዘ የሴቶቹ ቁጥር ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ በኤልፒጂኤ መለኪያ ከሆነ 7 ነው። ጥያቄው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ አልተናገረም።

ነጥቡ እንዴት ተሰጠ

ዳኞቹ ጥያቄውን ሰርዘው በተጠባባቂ ጥያቄ ለመተካት ወሰኑ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። ተጠባባቂው ጥያቄም የጎልፍ ነበር፤ «ሁሉንም ሜጀር ካሸነፉት መካከል አፍሪካዊው ማን ነው?» ይላል። ሰንጠረዡ በሁሉም ፊት በሰሌዳ ላይ ስለተሠራ መልሱ ተጽፎ ይታያል። በግድ ከሌላ ዙር የጂኦግራፊ ጥያቄ ተወስዶ ውድድሩ ቀጠለ። 6 ያለው ቡድን ትክክለኛ ዝርዝር ይዞ ያለ ነጥብ ቀረ፤ ቅሬታውንም እስከ መጨረሻ አልተወም።

ቅሬታው ትክክል ነበር። መሰረዙ ሁሉንም እኩል ያስተናገደ ይመስላል፤ ግን በትክክል የሠራውንና የተሳሳተውን አንድ ላይ ጣለ። የተሻለው ውሳኔ 6 ላለውና 13 ላለው ቡድን 10 ነጥብ መስጠት ነበር። የሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የተሳሳተ ስም አልነበረም፣ ጥያቄውም ለሁለቱም አነባበብ ክፍት ነው። ሼፍለርንና ጆንስን የጨመሩት ቡድኖች ግን በየትኛውም አነባበብ ቢታይ የማያልፍ ስም አስገብተዋል። ጥያቄው ጎደሎ ቢሆንም የስም ዝርዝሩ ለመፍረድ ይበቃ ነበር።

ለሌላ አወዳዳሪ የሚጠቅመው

ክበቡ ከዚያ ወዲህ የቁጥር መልስ ያላቸውን ጥያቄዎች በሙሉ እንደገና አይቷል። የመጀመሪያው ለውጥ ጥያቄው በሚጻፍበት ካርድ ጀርባ ላይ ከቁጥሩ ጋር የስም ዝርዝሩ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ዝርዝሩ ካለ ዳኛው ስልክ ሳያወጣ ይፈርዳል። ዝርዝሩን መጻፍ ያልቻለ አዘጋጅ ጥያቄውን አያስገባም።

ጥያቄው ራሱም ረዝሟል፦ «እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ማስተርስን፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ ዩኤስ ኦፕንንና ዘ ኦፕንን እያንዳንዳቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያሸነፉ ወንድ ተጫዋቾችን ስም ጻፉ።» ለትክክለኛ ስም 2 ነጥብ፣ ለተሳሳተ ስም 2 ነጥብ ቅናሽ። የቅናሹ ጥቅም አሥር ታዋቂ ስም ደርድሮ ስድስቱን ማስገኘት እንዳይቻል ነው። የመመካከሪያው ጊዜ ወደ 60 ሰከንድ ከፍ ብሏል፤ በ30 ሰከንድ ስድስት ስም ተመካክሮ መጻፍ አይቻልም።

የሴቶቹ ጥያቄ ለብቻው ተዘጋጅቷል፤ «በኤልፒጂኤ መለኪያ አራት የተለያዩ ሜጀሮችን ያሸነፉ» ይላል። ሁለቱን ደምሮ የሚጠይቅ የለም። የጆንስ ታሪክ ደግሞ ጠፍቶ እንዳይቀር ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆኗል፦ በ1930 አራቱን ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈው ማን ነው? ይህ መልሱ የማይቀየር ስለሆነ ለተጠባባቂነት ይመቻል።

ዓመት ሲጻፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ካልተጨመረበት ካርዱ ለአዘጋጁ ይመለሳል። ክርክር ሲነሳ ሰንጠረዡ የሚሠራው ከየቡድኑ አንድ ተወካይ ባለበት በጎን ክፍል እንጂ በሰሌዳ ላይ አይደለም፤ አዳራሹ በዚያ ጊዜ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል።

ጊዜው የሚያልፍበት ጥያቄ ሁሉ የሚከለስበት ቀን ተጽፎበታል። ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀን ተይዟል። ጆርዳን ስፒዝ ማስተርስ፣ ዩኤስ ኦፕንና ዘ ኦፕን አለው፤ የቀረው ፒጂኤ ነው፣ እሱም በግንቦት ይካሄዳል። ሼፍለርና ሚክልሰን የቀራቸው ዩኤስ ኦፕን በሰኔ ነው። በካርዱ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈው «ከግንቦት 9 እና ከሰኔ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ ሳይታይ አይጠየቅ» የሚል ነው።